የአውግስጦስ የእህት ልጅ አንቶኒያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን «ቅ.ል.ክ.» እያልን እናሳጥራለን፤ ምልክት የሌላቸው ከልደት በኋላ ያሉ ናቸው። ከአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃቸውን ስሞች፣ ማለትም አውግስጦስን፣ ጢባርዮስን፣ ቀላውዴዎስን፣ አግሪጳንና ፊልክስን፣ እንደለመድናቸው ጽፈናል።

አንቶኒያ ማን ናት?

የማርክ አንቶኒና የኦክታቪያ ሁለተኛ ልጅ ናት። እናቷ ኦክታቪያ የመጀመሪያው የሮማ ንጉሠ ነገሥት የአውግስጦስ እህት ነበረች። አንቶኒያ ጃንዋሪ 31 ቀን 36 ቅ.ል.ክ. ተወለደች፤ ሜይ 1 ቀን 37 በ72 ዓመቷ ሞተች። በታሪክ መጻሕፍት «ታናሿ አንቶኒያ» የምትባለው ታላቅ እህቷም አንቶኒያ ስለምትባል ነው። ሮማውያን ለሴት ልጅ ስም ሲያወጡ ብዙም አይጨነቁም ነበር፤ የአባቷን የቤተሰብ ስም በሴት አነጋገር ይሰጧትና ይገላገላሉ። ሁለተኛ ከተወለደች «ታላቋ» እና «ታናሿ» ማለት በቂ ነበር። የሮማን ታሪክ የሚያነብ ሰው ግማሽ ጊዜውን የሚያጠፋው አንዷን አግሪፒና ከሌላዋ አግሪፒና፣ አንዷን ዩልያ ከሌላዋ ዩልያ ለመለየት ነው።

ከነገሥታቱ ጋር ያላት ዝምድና ምንድን ነው?

የአውግስጦስ የእህት ልጅ፣ የጢባርዮስ የወንድም ሚስት፣ የካሊጉላ አያት፣ የቀላውዴዎስ እናት፣ የኔሮን ቅድመ አያት ናት። የመጀመሪያዎቹ አምስት የሮማ ነገሥታት በሙሉ ዘመዶቿ ናቸው ማለት ነው። ኔሮን እንዲያውም በሁለት በኩል ይመጣባታል፤ በእናቱ በኩል የልጅ ልጇ ልጅ፣ በአባቱ በኩል ደግሞ የታላቅ እህቷ የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ማርክ አንቶኒና ኋላ አውግስጦስ የተባለው ኦክታቪያን ሮማን ለብቻቸው ለመያዝ ተዋግተው፣ በ31 ቅ.ል.ክ. አክቲየም በተባለው ቦታ አንቶኒ ተሸንፏል። ከአምስቱ ነገሥታት ግን ሦስቱ፣ ካሊጉላ፣ ቀላውዴዎስና ኔሮን፣ የተሸናፊው የአንቶኒ ዘሮች ናቸው። በጦር ሜዳ የጠፋው ነገር በሴት ልጆቹ በኩል በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

አባቷን ታውቀው ነበር?

ዕድሉን አላገኘችም። እርሷ ስትወለድ አንቶኒ በምሥራቅ ከክሊዮፓትራ ጋር ነበር። በ32 ቅ.ል.ክ. ሚስቱን ኦክታቪያን ፈታ፤ በ30 ቅ.ል.ክ. እስክንድርያ ውስጥ በገዛ ሰይፉ ሞተ። ትንሿ ልጅ ያን ጊዜ 6 ዓመቷ ነበር። የሮማ ሸንጎ የአንቶኒን የልደት ቀን የተረገመ ቀን ብሎ ደነገገ፤ ከዚያ በኋላ ከአንቶኒ ዘር ማንም «ማርክ» ተብሎ እንዳይጠራ ከለከለ። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ በአሸናፊው አጎት ጥላ ሥር ማደግ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው።

እናቷ ኦክታቪያ ግን ልዩ ሴት ነበረች። በእርሷ ቤት ከመጀመሪያ ባሏ ከማርሴሉስ የወለደቻቸው፣ ከአንቶኒ የወለደቻቸው፣ አንቶኒ ከፊተኛ ሚስቱ ከፉልቪያ የወለደው ዩሉስ፣ በመጨረሻም ክሊዮፓትራ ለአንቶኒ የወለደችለት ልጆች አብረው አደጉ። ባሏን የወሰደችባትን ሴት ልጆች ሰብስባ አሳደገች ማለት ነው። ከእነርሱ አንዷ ክሊዮፓትራ ሴሌኔ ኋላ የማውሬታንያ ንግሥት ሆናለች። አንቶኒያ ከጊዜ በኋላ ራሷ የመራችው ቤት፣ የነገሥታት ልጆች፣ የታሰሩ ሰዎች ልጆችና የሩቅ አገር መሳፍንት የሚያድጉበት ቤት፣ እናቷ ዘንድ ያየችው ቤት ቅጂ ይመስለኛል።

ያገባችው ማንን ነው?

የአውግስጦስ ሚስት ሊቪያ ከቀድሞ ባሏ የወለደችውን ድሩሱስን። ጋብቻው የተፈጸመው በ16 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው፤ ድሩሱስ የጢባርዮስ ታናሽ ወንድም፣ በሕዝብ ዘንድ የተወደደ፣ በጀርመን ምድር ዘመቻ ስሙን የተከለ የጦር መሪ ነበር። የነገሥታት ቤት ጋብቻ ብዙውን ጊዜ የስሌት ጋብቻ ነው፤ ይህም በስሌት ሳይጀመር አይቀርም። ነገር ግን የጥንት ጸሐፊዎች ስለ ድሩሱስ ሲያወሩ ለሚስቱ ታማኝ እንደነበር ይመሰክሩለታል፤ ለሮማ ባላባት ይህ ሊጻፍለት የሚገባ ነገር ነበር። ከልጆቻቸው ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ሦስት ናቸው፦ ጌርማኒኩስ፣ ሊቪላና ቀላውዴዎስ። ቀላውዴዎስ የተወለደው በ10 ቅ.ል.ክ. ባሏ በዘመተበት አገር፣ ዛሬ የፈረንሳይ ከተማ በሆነችው በሊዮን ነው። አንቶኒያ ሮማ ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጠብቅ ሚስት አልነበረችም ማለት ነው።

ድሩሱስ እንዴት ሞተ?

ከፈረስ ወድቆ። በ9 ቅ.ል.ክ. ጦሩን እስከ ኤልበ ወንዝ አድርሶ ሲመለስ ፈረሱ ወደቀበትና እግሩ ተሰበረ፤ ከ30 ቀን በኋላ ሞተ። ወንድሙ ጢባርዮስ ወሬው እንደደረሰው በአንድ ቀንና ሌሊት 200 የሮማ ማይል ጋልቦ እንደደረሰ የሮማው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ ጽፏል፤ በዘመኑ ይህ ፍጥነት እንደ ተአምር ይወራ ነበር። ጢባርዮስ ከዚያ እስከ ሮማ ከአስከሬኑ ፊት ፊት በእግሩ ተጓዘ። ይህን ሰው ኋላ የምናውቀው እንደ ጨለማና ተጠራጣሪ ንጉሥ ስለሆነ፣ ይህችን ጉዞ አለመርሳት ጥሩ ነው። ለወንድሙ ሚስት እስከ መጨረሻው የነበረው አክብሮት ምንጩ እዚህ ጋ ይመስላል።

አንቶኒያ ያን ጊዜ 27 ዓመቷ ነበር። ትልቁ ልጇ 5 ዓመት አልፎታል፤ ትንሹ ገና አንድ ዓመት ጨርሷል።

ለምን ሌላ ባል አላገባችም?

አውግስጦስ እንድታገባ ይገፋፋት ነበር። ገፋፊው ደግሞ አጎት ብቻ ሳይሆን የሕጉ ባለቤት ነው፤ በ18 ቅ.ል.ክ. ያወጣው ሕግ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት እንደገና እንድታገባ የሚያስገድድ፣ ላላገባችም በውርስ ላይ ቅጣት የሚጥል ነበር። አንቶኒያ እምቢ አለች። ሦስት ልጆች መኖራቸው ረድቷታል፤ በዚያው የሕግ ሥርዓት ሦስት ልጆች የወለደች ነፃ ሴት ያለ ሞግዚት ንብረቷን ማስተዳደር ትችል ነበር።

የጥንት ጸሐፊዎች እምቢታዋን ለባሏ ካላት ፍቅር ጋር ብቻ ያያይዙታል። በእርሷ ዘመን የኖረው ቫሌሪየስ ማክሲመስ በወጣትነቷና በውበቷ ዘመን ከአማቷ ከሊቪያ ጋር በአንድ ክፍል እየተኛች ኖረች እያለ ያደንቃታል። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ግን ሌላውንም እናስብ። አዲስ ባል ማለት አዲስ ጌታ ማለት ነው፤ ከንጉሥ ዘር የምትወለድ ሴት ያገባ ሰው ደግሞ ለዙፋኑ ቅርብ ሰው ስለሚሆን ይዋል ይደር እንጂ ይጠረጠራል። በአንቶኒያ ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ዕጣ ምን ነበር? የአውግስጦስ ልጅ ዩልያ በ2 ቅ.ል.ክ. ወደ ደሴት ተጋዘች፤ በዚያው ጉዳይ የአንቶኒያ ወንድም ዩሉስ ሕይወቱን አጣ። የዩልያ ልጅ፣ እርሷም ዩልያ፣ በ8 ተጋዘች። የአንቶኒያ ምራት አግሪፒና በ33 በግዞት ሳለች በረሃብ ሞተች። አንቶኒያ ግን 45 ዓመት ባል አልባ ሆና፣ በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ሰዎች ኖረች። ለእኔ ይህ ከሐዘን ጋር አብሮ የሄደ ብልሃት ነው።

ከአማቷ ጋር 37 ዓመት አንድ ቤት መኖር ይቻላል?

ከድሩሱስ ሞት ሊቪያ እስከሞተችበት እስከ 29 ድረስ ኖረችው። ሲጣሉ የሰማ ጸሐፊ የለም።

ሀብቷ ከየት መጣ?

ከአባቷ ከተረፈው ንብረት አውግስጦስ ለሁለቱ እህትማማቾች ገንዘብ ሰጥቷቸው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን በግብፅ የነበራት ርስት ነው። አባቷ የወደቀበት አገር ላይ እርሷ ባለ መሬት ሆነች። የግብፅ ደረቅ አሸዋ የጠበቃቸው ፓፒረሶች፣ ማለትም በደንገል ወረቀት የተጻፉ ጽሑፎች፣ ይህን በዝርዝር ያሳዩናል፤ በ23 ከተጻፉት አንዱ ቄሪንቶስ የተባለ የአንቶኒያ ባሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎችና ፍየሎች ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ለግጦሽ እንደሚያዛውር ለመንግሥት ሹም ያመለከተበት ማስታወቂያ ነው። ስለ ንጽሕናዋ የተጻፈውን ውዳሴ ሁሉ ካነበቡ በኋላ ይህችን የፍየል ማመልከቻ ማንበብ ደስ ይላል። ሴትዮዋ በድንገት ሥጋና ደም ትለብሳለች።

በእስክንድርያ ንብረቷን ያስተዳድርላት የነበረው እስክንድር የተባለ አይሁዳዊ ባለጸጋ ነው። የፈላስፋው የፊሎን ወንድም ሲሆን፣ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ዘጠኝ በሮች በወርቅና በብር ያስለበጠው እርሱ ነው። ይህን ሰው አስታውሱት፤ ከታች ተመልሶ ይመጣል።

ለዓሣ ጉትቻ አድርጋለች የሚባለው እውነት ነው?

ታላቁ ፕሊኒ የጻፈው ነው። በናፖሊ አካባቢ ባውሊ በተባለ የባሕር ዳር ቦታ ባለ ዓሣ ኩሬ መኖሪያ ነበራት። በዚያ ኩሬ ካሉት ሙሬናዎች፣ እባብ የሚመስሉ የባሕር ዓሦች ናቸው፣ አንዷን እጅግ ስለወደደቻት ጉትቻ አደረገችላት፤ ሰውም ይህን ለማየት ብቻ ባውሊ ድረስ ይጎርፍ ነበር። ሙሬና ጥርሷ ስለት ነው፤ ጉትቻውን ያንጠለጠለው ባሪያ ጣቶቹ ተርፈውለት እንደሆነ ፕሊኒ አልነገረንም። ይኸው ጸሐፊ አንቶኒያ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንኳ ምራቋን ተፍታ አታውቅም ይላል። ማን ቆጠረላት?

በልጇ በጌርማኒኩስ ቀብር ላይ ለምን አልተገኘችም?

ጌርማኒኩስ ኦክቶበር 10 ቀን 19 በሶርያ አንጾኪያ ሞተ፤ ፒሶ የተባለው የሶርያ ገዢ መርዞታል የሚል ወሬ ተነሣ። ሚስቱ አግሪፒና አመዱን ይዛ ወደ ኢጣልያ ስትመለስ ሕዝቡ በየመንገዱ እያለቀሰ ተቀበላት። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ የዕለት ጉዳዮች መዝገቡን ጭምር፣ አገላብጦ እናትየው በሥርዓቱ ላይ የሠራችው ነገር ተጽፎ እንዳላገኘ ይናገራል። የእርሱ ጥርጣሬ ጢባርዮስና ሊቪያ ራሳቸው ስላልወጡ እርሷንም ከቤት አስቀርተዋት ይሆናል የሚል ነው፤ እናት ከቤት ከቀረች የአጎትና የአያት መቅረት አያስነውርምና። ታሲተስ ጢባርዮስን አይወድም፤ ስለዚህ ግምቱን በግምትነቱ ብቻ እንያዘው።

በሌላ በኩል፣ በ20 ፒሶ ከተከሰሰ በኋላ ሸንጎው ያወጣው ውሳኔ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ በስፔን አንዳሉሲያ ተገኝቷል። እዚያ ላይ አንቶኒያ በስም ተጠርታ ትመሰገናለች፤ የምትመሰገነውም ከድሩሱስ በቀር ሌላ ባል ባለማወቋ ነው። ልጇ ሞቶ እንኳ የምትወደሰው በባሏ ነው።

ጢባርዮስን ከሴጃኑስ ያዳነችው እርሷ ናት?

አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ማትያስ እንዲህ ይለናል። ሴጃኑስ የክብር ዘበኛው አዛዥ ነበር። ጢባርዮስ በ26 ከሮማ ወጥቶ ካፕሪ በምትባለው ደሴት ሲቀመጥ፣ ከተማዪቱን በተግባር የሚገዛው እርሱ ሆነ። ወደ ንጉሡ የሚሄደው ወሬ ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ የሚጠላቸውን ባላባቶች አንድ በአንድ ያስከስሳቸዋል። ሸንጎው ይፈራዋል፤ ዘበኛው የእርሱ ነው። በ31 አንቶኒያ ሴጃኑስ በንጉሡ ላይ የሚያሴረውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፋ፣ ከባሪያዎቿ ሁሉ በታመነው በፓላስ እጅ ወደ ካፕሪ ላከችው። ጢባርዮስም ደብዳቤውን አምኖ ሥራውን በምስጢር ጀመረ።

ካሲየስ ዲዮ የተባለው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ የደብዳቤውን የጓዳ ወሬ ያመጣልናል። ደብዳቤውን እየተናገረች ያስጻፈቻት ካይኒስ የተባለች ባሪያዋ ነበረች። ጽፋ ስትጨርስ አንቶኒያ ጽሑፉን እንድትፍቀው፣ ነገሩም ከማንም ዘንድ እንዳይቀር አዘዘቻት። ካይኒስ ግን ይህን ማዘዝ ከንቱ ነው፤ ያልሽኝን ሁሉ በልቤ ይዤዋለሁ፣ ከዚያ ሊፋቅ አይችልም አለቻት። ካይኒስ ኋላ ነፃ ወጥታ የንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን የዕድሜ ልክ ወዳጅ ሆነች።

ኦክቶበር 18 ቀን 31 ጠዋት ሴጃኑስ አዲስ ሹመት ይነበብልኛል ብሎ ሸንጎ ገባ። የተነበበው ከካፕሪ የመጣ ረጅም ደብዳቤ ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንዲታሰር ያዛል። በዚያው ዕለት ተገደለ። ታሪኩን በሙሉ በአንቶኒያ ደብዳቤ ላይ መጫን ይበዛባታል፤ ጢባርዮስ የራሱ ዓይንና ጆሮም ነበረው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሳይመረመር ካፕሪ የሚደርስ ወረቀት ከስንት ቤት ሊወጣ ይችል ነበር? ሸንጎ ያልገባች፣ ዘበኛ የማታዝ፣ ሹመት የሌላት አንዲት አሮጊት ግን ወደ ንጉሡ የምትልከው ሰው ነበራት።

ሴት ልጇን በረሃብ ገድላለች የሚባለውስ?

ሴጃኑስ ከወደቀ በኋላ የፈታት ሚስቱ አፒካታ ለጢባርዮስ ጻፈች። በ23 የሞተው፣ የአንቶኒያ ባል ሞክሼ የሆነው የንጉሡ ልጅ ድሩሱስ በበሽታ አልሞተም፤ የመረዙት ሚስቱ ሊቪላና ውሽማዋ ሴጃኑስ ናቸው አለችው። ከዚያ ራሷን ገደለች። ሊቪላ የአንቶኒያ ልጅ ናት። እናትየው ሴጃኑስን ለማጥፋት የላከችው ደብዳቤ ዞሮ የገዛ ልጇን በር አንኳኳ።

ዲዮ ሁለት ወሬ ይሰጣል። አንደኛው ጢባርዮስ አስገደላት የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለእናትየው ካለው ክብር የተነሣ ማራት፤ አንቶኒያ ግን ክፍል ውስጥ ዘግታባት በረሃብ ገደለቻት የሚል ነው። በሮማ ቤተሰቡ በራሱ ሰው ላይ መፍረዱ የቆየ ልማድ ስለነበረ፣ ለዘመኑ አንባቢ ይህ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የጥንት ጨዋነትም ይመስለው ነበር። እኔ የትኛው እንደሆነ አልፈርድም፤ ግን ስለ «ምሳሌያዊቷ እናት» የሚጻፈው ሁሉ ይህን ክፍል በፍጥነት ሲያልፈው ያስገርመኛል።

ቀላውዴዎስን ለምን ትጠላው ነበር?

ቀላውዴዎስ ከልጅነቱ በሽተኛ ነበር፤ ሲሄድ ያነክሳል፣ ሲናገር ይንተባተባል፣ ራሱ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ተፈጥሮ ጀምራው ያልጨረሰችው ፍጥረት ትለው እንደነበር የነገሥታቱን ታሪክ የጻፈው ስዌቶኒየስ ጽፏል። አንድን ሰው ሞኝ ናት ወይም ነው ለማለት ስትፈልግም ከልጄ ከቀላውዴዎስ የባሰ ትል ነበር። በዚያ ቤት መሳቂያ መሆን ግን ጥቅም ነበረው፤ ማንም አልተቀናቀነውም፣ ማንም አልመረዘውም፣ በ41 ካሊጉላ ሲገደል በሕይወት የቀረው አዋቂ ወንድ እርሱ ነበር።

ከእናትና ልጁ ታሪክ እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነው። ቀላውዴዎስ ወጣት ሳለ ታሪክ መጻፍ ጀመረ፤ መነሻው የዩሊየስ ቄሣር መገደል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው። እናቱና አያቱ ሊቪያ ደጋግመው ስለገሠጹት ያንን ዘመን ዘልሎ ከሰላሙ ጊዜ ጀመረ። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በዚያ ጦርነት አንደኛው ወገን የአንቶኒያ አባት፣ ሌላኛው አጎቷ ናቸው። ልጇን ሞኝ እያለች የምትሰድበው ሴት ሞኙ የሚጽፈው ነገር አደገኛ መሆኑን ግን በደንብ ታውቅ ነበር። ኋላ ነግሦ የአባቱን የልደት ቀን ሲያስከብር፣ ቀኑ የአያቴም የአንቶኒ ልደት ነውና በርትታችሁ አክብሩት አለ። ሸንጎው የረገመው ቀን ከ70 ዓመት በኋላ እንዲህ ተፈታ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ተጠቅሳለች?

በስም አልተጠቀሰችም። የሐዋርያት ሥራን የሚያነብ ሰው ግን ሳያውቀው በእርሷ ቤት ሰዎች መካከል ይመላለሳል።

በምዕራፍ 12 የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ያስገደለውና ጴጥሮስን ያሰረው ንጉሡ ሄሮድስ፣ ሄሮድስ አግሪጳ ነው። የታላቁ ሄሮድስ የልጅ ልጅ ሲሆን ያደገው በሮማ ነው። እናቱ በርኒቄ የአንቶኒያ ወዳጅ ነበረች፤ እርሱም ከቀላውዴዎስ ጋር አብሮ አደገ። ገንዘብ በእጁ አይቆይም። ለንጉሡ ግምጃ ቤት 300,000 ድራክማ ዕዳ ነበረበት። በሌሊት ወደ እስክንድርያ ሸሽቶ ከዚያ ባለጸጋ ከእስክንድር 200,000 ለመበደር ጠየቀ፤ እስክንድር ለእርሱ አላምንም ብሎ ለሚስቱ ለቂጵሮስ አበደረ። ካፕሪ ሲደርስ የዕዳው ደብዳቤ ተከትሎት ደረሰ፤ ጢባርዮስም ሳትከፍል ፊቴ አትቅረብ አለው። 300,000ውን የከፈለችለት አንቶኒያ ናት፤ ለእናቱ ትዝታ ስትል። አግሪጳም የእርሷን ብድር ለመመለስ ከሌላ ሰው አንድ ሚሊዮን ተበደረ። የአራጣ ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል።

ከዚያ አግሪጳ ካሊጉላ ቢነግሥ ብሎ የተመኘውን ሰረገላ ነጂው ሰምቶ ከሰሰው። ጢባርዮስ ጉዳዩን ማየት አልፈለገም ነበር፤ አግሪጳ ግን ይሰማልኝ እያለ አንቶኒያን ለመነ፤ እርሷም ንጉሡን ጠየቀችለት። ጢባርዮስ እርሱ ራሱ ይጸጸታል እንጂ ብሎ ሰማ፤ ሰምቶም በሰንሰለት አሰረው። አንቶኒያ ጠባቂዎቹ እንዲራሩለት፣ በየቀኑ እንዲታጠብ፣ ወዳጆቹ ምግብ እንዲያገቡለት አደረገች። ስድስት ወር ከወታደር ጋር ተቆራኝቶ ከርሞ ጢባርዮስ በማርች 37 ሲሞት፣ ካሊጉላ ወዲያው ሊፈታው ፈለገ፤ አያቱ በንጉሡ ሞት የተደሰትህ ይመስልብሃልና ጥቂት ቆይ ብላ መከረችው። በሰንሰለት ከወታደር ጋር መታሰር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ይህ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጴጥሮስን በሁለት ሰንሰለት በሁለት ወታደሮች መካከል አስተኛው።

ወደ ምዕራፍ 24 እንለፍ። ጳውሎስ የቆመበት ገዢ ፊልክስ፣ ስለ ሴጃኑስ የተጻፈውን ደብዳቤ ወደ ካፕሪ የወሰደው የፓላስ ወንድም ነው። ፓላስ ነፃ ወጥቶ በቀላውዴዎስ ዘመን የመንግሥቱ ገንዘብ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ከፊልክስ ጋር የተቀመጠችው ሚስቱ ድሩሲላ ደግሞ የአግሪጳ ልጅ ናት፤ ስሟ ከአንቶኒያ ባል ቤት የመጣ ነው። በምዕራፍ 25 በብዙ ግርማ የምትገባው በርኒቄም የአግሪጳ ልጅ ናት፤ የተሰየመችው በአያቷ፣ በአንቶኒያ ወዳጅ ስም ነው።

በኢየሩሳሌም ያለው የአንቶኒያ ግንብ በእርሷ ስም ነው?

አይደለም። ታላቁ ሄሮድስ ግንቡን የሰየመው በወቅቱ ጌታው በነበረው በአባቷ፣ በማርክ አንቶኒ ስም ነው። አንቶኒ ሲወድቅ ሄሮድስ ፈጥኖ ወደ አሸናፊው ዞረ፤ የግንቡን ስም ግን አልለወጠም።

እንዴት ሞተች?

ካሊጉላ አባቱ ጌርማኒኩስ ሞቶ፣ እናቱ ተግዛ ስለነበር ቅድመ አያቱ ሊቪያ ከሞተች በኋላ ያደገው አንቶኒያ ዘንድ ነው። በማርች 37 እንደነገሠ ሊቪያ በዕድሜዋ ሙሉ ያገኘችውን ክብር ሁሉ በአንድ ውሳኔ ለአያቱ ሰጠ፤ «አውጉስታ» የሚለውን ማዕረግ ጭምር። ማዕረጉን ግን አልቀበልም ማለቷን ስዌቶኒየስ ይናገራል። ፍቅሩም አልቆየም። ለብቻው ልታነጋግረው ስትጠይቅ የዘበኛ አዛዡ ማክሮ ካልተገኘ አላነጋግርም አላት፤ ስትመክረው ደግሞ በማንም ላይ ማናቸውንም ማድረግ እንደምችል አትርሺ ብሎ መለሰላት ይባላል። እርሱ ከነገሠ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞተች። አንዳንዶቹ መርዟታል፣ ዲዮ ደግሞ ራሷን እንድትገድል አስገደዳት ይላሉ። ስዌቶኒየስ እንደሚለው ካሊጉላ አስከሬኗ ሲቃጠል ከምግብ ማዕዱ ሳይነሣ በሩቁ አየው።

የተናቀው ልጇ ነው ክብሯን የመለሰላት። ቀላውዴዎስ ሲነግሥ «አውጉስታ» አሰኛት፣ በልደቷ ቀን ጨዋታ እንዲደረግ፣ ምስሏም በሰረገላ እንዲዞር አዘዘ፤ መልኳን በወርቅና በብር ሳንቲም አስቀረጸ።

መልኳን ዛሬ ማየት ይቻላል?

ከሳንቲሞቹ ሌላ፣ ሮማ በፓላሶ አልቴምፕስ ሙዚየም ያለውን «ዩኖ ሉዶቪዚ» የሚባል ግዙፍ የእብነ በረድ ራስ ብዙ ሊቃውንት የእርሷ ነው ይላሉ። እዚያው ሮማ ያለው የአውግስጦስ የሰላም መሠዊያ ግን ይበልጣል። መሠዊያው የተመረቀው ጃንዋሪ 30 ቀን 9 ቅ.ል.ክ. ነው፤ በማግስቱ አንቶኒያ 27 ዓመት ሞላት፤ ባሏ በዚያው ዓመት ሞተ። በደቡቡ ግድግዳ በተቀረጸው የነገሥታት ቤተሰብ ሰልፍ ውስጥ የወታደር ካባ የለበሰ አንድ ወጣት አለ፤ ድሩሱስ ነው ይባላል። ከፊቱ ያለችው ሴት ወደ እርሱ ዞር ብላለች፤ እጇን የያዘው ትንሽ ልጅ ጌርማኒኩስ ነው። ከኋላቸው አንዲት ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ ትላቸዋለች፤ በሰልፉ መሐል እያወሩ ነበርና።